ሕንፃ ሲፈርስ ሁሉም ነገር ቆሻሻ መጣያ መሄድ አለበት?

ሳይት_ላይ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አንድ አሮጌ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ፈርሶ በቦታው አዲስ ሊሠራ ነው። ዓምዱና ወለሉ አርማታ ነው። ግድግዳው ከፊሉ ጡብ፣ ከፊሉ ብሎኬት ነው። የውስጥ ክፍልፋዩ በኋላ የተጨመረ የጀሶ ቦርድ ነው። ጣሪያው በእንጨት ወራጅና ማገር ላይ ያረፈ ነው። እኔ በባለቤቱ በኩል ያለሁ መሐንዲስ ነኝ።

ሥራውን ለመውሰድ ዋጋ ያስገቡት ሁሉ የጻፉት አንድ መስመር ነው፦ «አፍርሶ፣ ጭኖ ማስወገድ»። የት ነው የምታስወግዱት ስላቸው «መጣያ» ይሉኛል። በቃ።

ባለቤቱ ወደ መጣያ የሚሄደው እንዲቀንስ ይፈልጋል። እንዴት እንደሚቀንስ ግን አያውቅም። እኔም የተማርኩት መገንባት ነው፤ ማፍረስ ያስተማረኝ የለም። ከየት ይጀመራል? ምኑ በእርግጥ ይጠቅማል፣ ምኑስ ልፋት ብቻ ነው?

ፌሮ_ቆራጭ

እህቴ፣ ሕንፃ በተሠራበት ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ነው መፍረስ ያለበት። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። በርና መስኮት፣ ሲንክ፣ የመጸዳጃ ዕቃ፣ አምፖል፣ ሽቦ፣ ቧንቧ። ቀጥሎ ኮርኒስና የጀሶ ቦርድ። ቀጥሎ የጣሪያ ክዳን፣ ማገርና ወራጅ። ዓምድና ወለሉ ብቻ ሲቀር ነው ማሽን የሚገባው።

ማሽኑ ቀድሞ ከገባ አለቀ። አርማታው፣ ጀሶው፣ መስታወቱ፣ ፕላስቲኩ አንድ ላይ ይደፈጠጣል። ያንን ክምር ማን ቁጭ ብሎ ይለየዋል? ለየብቻው ገዢ ያለው ዕቃ ሁሉ ተደባልቆ ማንም የማይፈልገው ይሆናል።

ሌላው ቦታ ነው። ለአርማታና ለጡብ፣ ለብረት፣ ለእንጨት፣ ለጀሶ፣ ለተረፈው ለየብቻ ማስቀመጫ ይኑር። ኮንቴይነሩ ላይ ጽሑፍ ብቻ አትለጥፉ። የዕቃውን ቁራጭ ራሱን ከፊት ለፊት እሰሩበት። ሰው ሲጣደፍ ጽሑፍ አያነብም።

ገልባጭ

ወሬው ያምራል። እኔ የማፈርሰው ሰውዬ ነኝ፤ እስቲ የኔንም ስሙ።

ባለቤቱ ቦታውን ባዶ አድርገህ ቶሎ አስረክበኝ ይላል። የባንክ ወለዱ እየቆጠረ ነው። በእስካቫተር ቶሎ የሚያልቀውን ሥራ በእጅ አውርድ ስትሉኝ ሳምንታት ይጨመራሉ። የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ መደገፊያ መሰላልና ጣውላ አለ፣ ከፍታ ላይ የሚወድቅ ሰው አለ። ይሄን ማን ይከፍላል? ዋጋ ስናስገባ ርካሹ ያሸንፋል። ለይቼ አወርዳለሁ ብዬ ጨምሬ ብጽፍ ሥራውን ሌላው ይወስደዋል።

ደግሞ ፍርስራሽ ምንድን ነው? ድንጋይና አፈር ነው። አይሸት፣ አይበሰብስ። የወጥ ቤት ቆሻሻ አይደለም። ይህን ያህል የሚያስጮህ አይመስለኝም።

አርማታ

ገልባጭ፣ ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ ያልከው እውነት ነው፤ እሱን አልከራከርህም። «ድንጋይና አፈር ነው» ያልከው ግን አያስኬድም።

ታኅሣሥ 2015 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ቻይና ሼንዘን ውስጥ የሆነውን አስታውስ። በአሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ለዓመታት የተቆለለ የቁፋሮ አፈርና የግንባታ ፍርስራሽ ተንዶ የኢንዱስትሪ መንደር ላይ ወረደ። 33 ሕንፃዎች ተቀበሩ ወይም ተጎዱ። 73 ሰው ሞተ፣ 4 ሰው ደብዛው ጠፋ። ዝናብ አልነበረም፣ የመሬት መንቀጥቀጥም አልነበረም። ውሃው የሚወጣበት መንገድ ያልተበጀለት ክምር ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነው።

«አይሸትም» ላልከውም ጀሶ አለልህ። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። እርጥብና አየር የሌለው ቦታ ከሚበሰብስ ነገር ጋር ሲቀበር ባክቴሪያዎች ሰልፌቱን ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይለውጡታል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው እሱ ነው። ሲበዛ ደግሞ ይገድላል። የአውሮፓ ኅብረት ጀሶ ከሚበሰብስ ቆሻሻ ጋር አብሮ እንዳይቀበር የከለከለው ለዚህ ነው።

ቁጥር_ወዳድ

መጠኑን እንይ። በዘርፉ በደንብ ከተቆጠሩት አንዱ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የ2018 አሃዝ ነው። በዚያ ዓመት 600 ሚሊዮን ቶን የግንባታና የማፍረስ ተረፈ ምርት ወጣ ይላል። ከየቤቱና ከየሱቁ ከሚሰበሰበው የከተማ ቆሻሻ ከእጥፍ በላይ ነው። ከ600ው 455 ሚሊዮን ቶን ገደማ ለሌላ አገልግሎት ዋለ፣ 145 ሚሊዮን ገደማ ተቀበረ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ከጠቅላላው ከ90 በመቶ በላይ የመጣው ከማፍረስ ነው። ከአዲስ ግንባታ የመጣው ከ10 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ሳይት_ላይ_ነኝ፣ ጉልበትሽን የት ማዋል እንዳለብሽ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሻል። የሲሚንቶ ከረጢት መቁጠሩን ለበኋላ አቆዪው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ማንም «80 በመቶውን አድነናል» ሲልሽ በምን ተለክቶ ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም በክብደት ነው የሚለካው። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2.4 ቶን ያህል ይመዝናል። አርማታውን ብቻ አውጥተሽ ጉድጓድ ብትሞዪበት ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። በሩ፣ እንጨቱ፣ ቦርዱ፣ ፕላስቲኩ ግን ቀላል ስለሆነ ሁሉም ተቀብሮ እንኳ በመቶኛው ላይ ብዙም አይታይም። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮች እስከ 2020 ድረስ ከግንባታና ከማፍረስ ፍርስራሽ 70 በመቶውን መልሰው እንዲጠቀሙ ግብ አስቀመጠ። ጉድጓድ መሙላትም እንደ ውጤት ይቆጠራል። ብዙዎቹ ግቡን በቀላሉ ማለፋቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጡብና_ኖራ

ልጆች፣ ጡቡን ረሳችሁት።

ሳይት_ላይ_ነኝ፣ የኔ ልጅ፣ ሄደሽ መጋጠሚያውን በሚስማር ፋቂው። በሚስማር እየተፈረፈረ የሚወርድ ከሆነ የኖራ ሞርታር (ጡቡን የሚያያይዘው ማጣበቂያ) ነው። ደስ ይበልሽ። እያንዳንዱ ጡብ በመሮና በትንሽ መዶሻ ጸድቶ እንደ አዲስ ይገነባል። ሚስማሩን የሚያንሸራትት ከሆነ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ከጡቡ ይበረታል። ሞርታሩን ላንሳ ስትዪ ጡቡ ነው የሚሰበረው። እሱን ለክሬሸር (ለመፍጫ ማሽኑ) ተዪው፣ አትድከሚ።

የጸዳውን ሁለቱን እርስ በርስ አጋጪያቸው። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠ በደንብ የተቃጠለ ነው። ዱብ የሚል ለስላሳ ነው። ለስላሳው ድሮም የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው የሚገባው። ዝናብ የሚመታው ቦታ ካስገባሽው ይፈረፈራል። ስለዚህ ስታወርዱ የውጩንና የውስጡን አታደባልቁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ከተሞች ሴቶች ተደርድረው ጡብ እየተቀባበሉ ሞርታሩን በመዶሻ እያራገፉ ስንት ቤት እንደተሠራበት የሚያሳይ ፎቶ ሞልቷል። የማይረባው ፍርስራሽ ደግሞ ተቆልሎ ኮረብታ ሆነ። በርሊን ያለው ቶይፍልስበርግ የሚባለው ኮረብታ ከሥሩ ፍርስራሽ ነው፤ ዛሬ ሰው ይናፈስበታል።

ገልባጭ

ጋሼ፣ ከጦርነት በኋላ ሌላ ዕቃ አልነበረማ! ዛሬ አዲስ ጡብ በመኪና ይመጣልሃል። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ጡብ ሲጠርግ የሚከፈለው ከአዲሱ ጡብ ዋጋ ከበለጠስ?

ጡብና_ኖራ

ከበለጠ አይጠረግም። እኔ ሁሉም ይጠረግ አላልኩም። ሚስማር ይዘሽ ሂጂና ፋቂ ነው ያልኩት።

ንድፍ_በእርሳስ

ይቅርታ፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሕንፃው መፍረሱን ማን ወሰነ?

ሁላችሁም ስለ አፈራረሱ ነው የምታወሩት። ከሁሉ በላይ ቆሻሻ የሚቀንሰው ግን ያልፈረሰው ሕንፃ ነው። አጥንቱ ማለትም ዓምዱ፣ ወለሉ፣ መሠረቱ ብዙውን ክብደት ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያረጀው ግን እሱ አይደለም። የሚያረጀው ቧንቧው፣ ሽቦው፣ መስኮቱ፣ ክፍፍሉ ነው።

ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ግራን ፓርክ የሚባል ሰፈር በ1960ዎቹ የተሠሩ ሦስት የመኖሪያ ሕንፃዎች ነበሩ፤ 530 ቤት። አርክቴክቶቹ ላካቶንና ቫሳል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አላፈረሷቸውም። ከውጭ በኩል አዲስ ሰፊ በረንዳና በመስታወት የሚዘጋ ክፍል ለጠፉባቸው። ተከራዮቹ ሥራው ሲሠራ እዚያው ይኖሩ ነበር። ወጪው አፍርሶ ከመሥራት በብዙ ያነሰ ነው። ሁለቱ አርክቴክቶች በ2021 የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኙ።

«ያ መኖሪያ ነው፣ ቢሮ ሲሆን አይቻልም» እንዳትሉኝ፣ ሲድኒ ያለው ኪዌይ ኳርተር ታወር በ2022 ተጠናቋል። ውስጡ የ1976 ሕንፃ ነው። ከአሮጌው ዓምድ፣ አግዳሚና ወለል 65 በመቶው፣ ከማዕከላዊው የአርማታ ግድግዳ 95 በመቶው ሳይፈርስ አዲሱ ተሠራበት። ያውም ከፍታው ጨምሮ።

እና ሳይት_ላይ_ነኝ፣ አሮጌው አጥንት ለአዲሱ ይሆን እንደሆነ የስትራክቸር መሐንዲስ አይቶታል?

ሳይት_ላይ_ነኝ

አይቶታል። የታችኛው ፎቅ ዓምዶች ፌሮ ዝጎ አርማታውን እየገፈተረ ነው። ከአርማታው ተቦርቡሮ የወጣው የኮር ናሙናም ደካማ ነው። አዲሱ ደግሞ ከመሬት በታች መኪና ማቆሚያ ይፈልጋል። ስለዚህ አፈራረሱ ላይ ነን። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው፤ በመጀመሪያው ጽሑፌ መግለጽ ነበረብኝ።

አርማታ፣ አርማታውን እዚያው ፈጭተን ለአዲሱ ሕንፃ ብንጠቀምበት ይሆናል? ሁሉም ሰው ይሆናል ይላል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ይፈራዋል።

አርማታ

ይሆናል። የሚያስፈራው ነገር ስለሚታወቅ ማስተካከል ይቻላል።

የተፈጨ አርማታ ጠጠር ብቻ አይደለም። በያንዳንዱ ጠጠር ላይ የድሮው ሞርታር ተጣብቆ ይቀራል። ያ ሞርታር ቀዳዳ አለው፣ ውሃ ይጠጣል። የተፈጥሮ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ውሃ ቢጠጣ፣ የተፈጨው ከ4 እስከ 8 በመቶ ሊጠጣ ይችላል። ደረቁን ከጨመርሽው የድብልቁን ውሃ ይመጥጥብሻል። አርማታው ይደርቃል፣ ሠራተኛው ውሃ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠጠሩ አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ ይጥገብ፣ ከዚያ ይደባለቅ።

ከትልልቁ ጠጠር እስከ 30 በመቶ ገደማ በተፈጨ ብትተኪ በጥንካሬ ላይ የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው። የአውሮፓው የኮንክሪት ስታንዳርድም መካከለኛ ሁኔታ ላይ ላለ አርማታ በዚሁ ዙሪያ ነው የሚፈቅደው። ከዚያ በላይ ስትሄጂ መኮማተርና በጭነት ሥር ቀስ ብሎ መታጠፍ ይጨምራል። ደቃቁን ማለትም አሸዋ የሚመስለውን ግን ለአርማታ አትጠቀሚበት። ሞርታሩና አቧራው የሚከማቸው እዚያ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ከፍተኛው ጥቅሙ በአርማታ ውስጥ አይደለም። ለመንገድ ቤዝ (ከአስፋልቱ ሥር ለሚነጠፈው)፣ ለመኪና ማቆሚያ ወለል ሥር፣ ለመሠረት ሥር ሙሌት ግሩም ነው። ጃፓን ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን የአርማታ ፍርስራሿን መልሳ ትጠቀማለች፤ አብዛኛው የሚሄደው መንገድ ሥር ነው። አንዳንዶች ይሄ ዕቃውን ማዋረድ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። መንገዱ ለማንኛውም ጠጠር ይፈልጋል። ያ ጠጠር ከተራራ ተፈልፍሎ ከሚመጣ ከፍርስራሽ ቢመጣ ምን ይጎድላል?

አሁን ፌሮ_ቆራጭ ከላይ ያለውን ከዚህ ጋር አያይዢው። ጀሶው ሳይወጣ አርማታው ከተፈጨ ሰልፌቱ ጠጠሩ ውስጥ ይገባል። ሰልፌት ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ይነፋል፣ አርማታውን ይሰነጥቃል። ሙሌት ውስጥም ወለል ያነሳል። ቦርዱን አስቀድሞ ማውረድ የጽዳት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ አርማታሽን የሚያድነው እሱ ነው።

ፌሮው ብዙ አያሳስብም። ክሬሸሩ ላይ ማግኔት አለ፣ ለቅሞ ያወጣዋል።

ፌሮ_ቆራጭ

ክሬሸሩ ግን ለትንሽ ሥራ አያዋጣም። ማሽኑን ማምጣት፣ ማስቀመጥ፣ አቧራውን በውሃ ማፈን፣ ስለ ድምፁ ከጎረቤት ጋር መጨቃጨቅ አለ። ክምሩ ትንሽ ከሆነ ንጹሑን ለይቶ ወደ ቋሚ ክሬሸር መጫን ይሻላል። ንጹሕ አርማታ የሚቀበል ሰው የተደባለቀ ከሚቀበለው ያነሰ ያስከፍላል። አንዳንዱ እንደውም በነፃ ይቀበላል።

ሳይት_ላይ_ነኝ

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ጣሪያው ከፊሉ ቆርቆሮ ነው፣ የኋላው ክፍል ግን ግራጫ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ክዳን ነው። ይሄም ከአርማታው ጋር ይፈጫል?

አርማታ

አቁሚ። አትንኩት።

ግራጫ፣ ሞገድ ያለው፣ አሮጌ የሲሚንቶ ክዳን አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም። ናሙና ላብራቶሪ ይሂድ። ናሙናውንም የሚወስደው የሠለጠነ ሰው ይሁን። ውጤቱ እስኪመጣ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ያዙት።

ከሆነ አይሰበር፣ አይቆረጥ፣ አይጣል። እርጥብ ተደርጎ ሙሉ ለሙሉ ይወርዳል፣ ይጠቀለላል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ለእሱ ወደተፈቀደ ቦታ ይሄዳል። መልሶ መጠቀም የሚባል ነገር እሱ ላይ አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ በሁሉም አባል አገሮች አግዶታል፤ የተገነባበት ሕንፃ ግን ቆሞ አለ። አንድ ስብርባሪ ወደ አርማታው ክምር ከገባ ክምሩ ሁሉ አደገኛ ቆሻሻ ይሆንብሻል። ያን ያህል ለይታችሁ ያወረዳችሁት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

እግረ መንገድሽን አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ፣ በ1950ዎቹና በ70ዎቹ መካከል በተሠሩ ሕንፃዎች መገጣጠሚያ ማሸጊያ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ሊኖር ስለሚችል እሱም ይታይ። አረንጓዴ የሚመስል በኬሚካል የተነከረ እንጨት ካለ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። ለማገዶ አይሰጥ። ይሄን በጣም አደራ እላለሁ፤ ሰው «ነፃ እንጨት» ሲባል ይሮጣል።

አወያይ

ጥያቄው አደገኛ ነገር ላይ ስለደረሰ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የሚጻፈው ምክር የባለሙያ ምርመራን አይተካም። ውይይቱ ይቀጥል።

ገልባጭ

እሺ፣ የአስቤስቶሱ ገብቶኛል። እኔም ሳንባ አለኝ።

ግን አንዱን ሚስጥር ልንገራችሁ። ብረት መጣያ ሄዶ ያውቃል? አይሄድም። ለምን? ቆራሌው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃላ። መዳብ ሽቦማ እኔ ሳልደርስበት ያልቃል። ዋጋ ስናስገባ የብረቱን ሽያጭ አስልተን ቀንሰን ነው የምናስገባው። ብረት ይዳን ብሎ የጮኸብን የለም። ገዢ ስላለው ዳነ።

እንግዲህ ለእንጨቱ፣ ለበሩ፣ ለጡቡም ገዢ አምጡልኝ። ገዢ ሳይኖር ለይቼ ባወርድ የት አስቀምጠዋለሁ? አንድ ጊዜ አንድ አሠሪ ወራጅ እንጨቱን በጥንቃቄ አስወርዶኝ ሜዳ ላይ ተከመረ። ዝናብ መታው፣ ተጣመመ፣ መጨረሻ ላይ መጣያ ሄደ። ሁለቴ ተጫነ፣ ሁለቴ ተከፈለ።

ቁጥር_ወዳድ

ገልባጭ እዚህ ክር ላይ እስካሁን የተጻፈውን ምርጥ ነገር ጻፍክ። ቀልድ አይደለም።

ገዢው ከማፍረሱ በፊት ነው የሚገኘው። ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠራ ይደረጋል። አንድ ሰው ሕንፃውን ክፍል በክፍል ዞሮ ይመዘግባል፤ በር ስንት፣ መጠኑ፣ ጤንነቱ፤ ወራጁ ስንት ሜትር፤ ጡቡ በኖራ ነው በሲሚንቶ፤ አደገኛው የቱ ነው። ያንን ዝርዝር ከፎቶ ጋር ለእንጨት ነጋዴው፣ ለአናጢው፣ ለግንበኛው አስቀድሞ ማሳየት። የተሸጠው በጥንቃቄ ይወርዳል፣ ያልተሸጠው በማሽን።

ሕግ ሲገባበት ደግሞ ገበያ ይፈጠራል። በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ከጥቅምት 2016 መጨረሻ ጀምሮ በ1916 ወይም ከዚያ በፊት የተሠሩ የመኖሪያ ቤቶች በማሽን እንዳይደፈጠጡ፣ በእጅ ተፈታተው እንዲወርዱ ደነገገች። በ2020 ገደቡን ወደ 1940 አሳደገችው። ጃፓን በ2000 ያወጣችው ሕግ ደግሞ 80 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ሕንፃ ሲፈርስ አርማታ፣ አስፋልትና እንጨት እዚያው እንዲለዩ ያስገድዳል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት በ2006 አርማታ፣ ጡብ፣ አስፋልት፣ ብረትና እንጨት፣ በ2011 ደግሞ ንጹሕ የጀሶ ቦርድ መጣያ እንዳይገባ አገደች። ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ግዴታ ሲኖርበት ለይቶ የሚያወርደው ሰው በዋጋ አይሸነፍም። ያንተ ቅሬታ መልሱ ይሄ ነው።

ገልባጭ

የመጣያ ክፍያም ይጨመር በላ። ከዚያ በሌሊት ወንዝ ዳር የሚገለብጠው ይበዛል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ቁጥር_ወዳድ

ልክ ነህ፣ ይበዛል። ብሪታንያ በ1996 የመጣያ ታክስ ስትጀምር ሁለት ተመን አወጣች፤ ለሚበሰብሰውና ለተደባለቀው ከፍ ያለ፣ ለድንጋይና ለአርማታ ዝቅ ያለ። ወደ መጣያ የሚሄደው በብዙ ቀነሰ። ሕገወጥ መድፋትም፣ የተደባለቀውን «ንጹሕ አፈር ነው» ብሎ ማስገባትም አብሮ መጣ። ስለዚህ ታክስ ብቻውን አይበቃም።

በአንድ ፕሮጀክት ደረጃ ግን መላ አለው። ሳይት_ላይ_ነኝ፣ ክፍያውን ከሚዛን ደረሰኝ ጋር እሰሪው። መኪናው ከሳይት ሲወጣ ይመዘገባል፤ ሰሌዳ፣ ሰዓት፣ ምን እንደጫነ። የተቀበለው ቦታ የሚዛን ደረሰኝ ይሰጣል። ሁለቱ ካልተገናኙ ያ ጭነት አይከፈልም።

«አፍርሶ፣ ጭኖ ማስወገድ» የሚለውን አንድ መስመርም በታትኚው። ቆጠራ ለብቻ። አደገኛ ዕቃ ማስወገድ ለብቻ። በእጅ ማውረድ ለብቻ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶት። በማሽን ማፍረስ ለብቻ። ማጓጓዝ በየዓይነቱ በቶን። አንድ መስመር ሲሆን ተቋራጩ የሚያተርፈው ቶሎ ደባልቆ በመጫን ነው። ሲበታተን ደባልቆ የጫነው ውድ የሆነው መስመር ላይ ያርፋል፣ ኪሱን የሚነካው እሱን ራሱን ነው።

ሳይት_ላይ_ነኝ

ይሄን እንዳለ ነው የምወስደው። ባለቤቱን ስለ ጊዜው ማሳመን ይቀረኛል። የግንባታ ፈቃዱ እስኪወጣ ሕንፃው ለማንኛውም ባዶውን ይቆማል። ያንን ጊዜ ለእጅ ሥራው ብንጠቀምበት ወለድ አይጨምርም ብዬ አስቤያለሁ።

ፌሮ_ቆራጭ

እሱ ነው ነገሩ! ባዶውን ከሚቆም ኮርኒሱና በሩ ይውረድ።

አሁን ደግሞ ወደ አዲሱ ሕንፃ። ቁጥር_ወዳድ ከ10 በመቶ በታች ነው ብሎ አሳነሰው። መጠኑ ትንሽ ይሁን እንጂ የሚጣለው አዲስ የተገዛ ዕቃ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ፌሮ ነው። የ12 ሜትር ፌሮ ይመጣል። ሥዕሉ 4.5 ሜትር ይላል። ሁለት ቆርጠህ 3 ሜትር ይተርፋል፤ ሩቡ ማለት ነው። ያ 3 ሜትር ሌላ ቦታ ይፈለግ እንደሆነ ማንም ሳያይ ቁራጭ ክምር ውስጥ ይገባል። ከመቁረጥ በፊት ሁሉንም ርዝመት በአንድ ወረቀት ላይ አውጥቶ ማጋጠም ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። የተረፈውም ለእስታፋ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያ ለሚያስረው) ይሆናል።

ኮንክሪት ደግሞ ሚክሰር መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል። ካዛፎርማ (የአርማታ ማፍሰሻ ቅርጽ) አስቀድማችሁ አዘጋጁና የመንገድ ጠርዝ ወይም ክዳን አፍስሱበት። መሬት ላይ ከፈሰሰ ነገ ዲጂኖ ይዞ የሚሰብረው እኔ ነኝ።

ንድፍ_በእርሳስ

እዚያው ላይ ልጨምር። የጀሶ ቦርድ የተለመደው መጠን 1.20 በ2.40 ነው። እኔ ክፍሉን 2.50 ከፍታ ካደረግሁት ለያንዳንዱ ቦርድ የ10 ሳንቲ ሜትር ቅጣይ ያስፈልጋል። ያ ቅጣይ ከሌላ ቦርድ ተቆርጦ ይመጣል፣ የተረፈው ይጣላል። 2.40 ባደርገው ወይም ረዘም ያለ ቦርድ አስቀድሞ ቢታዘዝ ምንም አይጣል። ሥዕሉ ላይ አንድ ቁጥር ነው የተቀየረው። ይሄን የሚያደርገው ሠራተኛው አይደለም፣ እኛ ነን፤ ግን ቆሻሻው ሲታይ የሚወቀሰው ሠራተኛው ነው።

ሌላም አለ። አዲሱም አንድ ቀን ይፈርሳል። ብረት ለብረት በብሎን ከታሰረ ይፈታል፣ ከተበየደ ይቆረጣል። ወለሉ ከተለጠፈ ይቀደዳል፣ በመቀርቀሪያ ከተያያዘ ይነሳል። ቧንቧ በአርማታ ውስጥ ከተቀበረ ለመጠገንም ግድግዳ ይፈርሳል። ሁሉንም ማድረግ አይቻልም፣ ውድ ይሆናል። ቶሎ የሚቀያየረውን ግን ከማይቀያየረው ጋር አታጣብቁት።

ጡብና_ኖራ

በኖራ ገንቡ በሉኝ እንግዲህ!

አርማታ

ጋሼ፣ ለክፍልፋይ ግድግዳና ለዝቅተኛ ሕንፃ ቢሆን ደስ ይለኛል። ለአርማታ ዓምድ መሙያ ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ፎርማኑ አይታገሥዎትም።

ገልባጭ

ጥሩ። ሥራው እንደዚህ ተበታትኖ፣ ጊዜው ተሰጥቶ ከመጣ እኔ ዋጋ አስገባለሁ። በሩንና ወራጁን ገዢ ካገኛችሁለት አወርደዋለሁ። አርማታው ይገባኛል፣ ብረቱ የኔ ነው (ይሄን ከአሁኑ ጻፉልኝ፣ በኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ)።

ያ የጀሶ ቦርድ ግን አልገባኝም። አትቅበረው አላችሁ፣ ከአርማታ ጋር አትፍጨው አላችሁ። ማን ነው የሚወስደው?

አርማታ

በቅርብ ጀሶ ቦርድ የሚያመርት ፋብሪካ ካለ መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ። ጀሶ ተፈጭቶ፣ ወረቀቱ ተለይቶ፣ ተቃጥሎ እንደገና ጀሶ ይሆናል። ፋብሪካው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ደረቅ እንዲሆንና ሚስማር፣ ልጣፍ፣ ሴራሚክ የሌለበት እንዲሆን። ስለዚህ ጣሪያው ከመነሳቱ በፊት ይውረድ፣ ሸራ ይልበስ። የአዲሱ ሕንፃ ቁርጥራጭ ከአሮጌው ይበልጥ ንጹሕ ስለሆነ ለብቻው ይያዝ።

ሌላው መንገድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) ሲፈጭ ጥቂት ጀሶ ይጨመርበታል፣ ሲሚንቶው ወዲያው እንዳይቋጠር። ሁለቱም ካልተገኙ፣ ከሚበሰብስ ነገር ተለይቶ ለብቻው በደረቅ ክፍል የሚቀብር ቦታ ፈልግ። ያኔ ጋዙ አይፈጠርም።

ገልባጭ

የሲሚንቶውን አላውቅም ነበር። ደውዬ ልጠይቅ። ሳይት_ላይ_ነኝ፣ የቦርዱን ካሬ ሜትርና ውፍረት ጻፊልኝ፤ ቶኑን ሳልነግራቸው አያናግሩኝም።

ሳይት_ላይ_ነኝ

ቆጠራውን ስንጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ብረቱንም ያንተ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ የመዳብ ሽቦው ግን ተመዝኖ ነው የሚወጣው።

ገልባጭ

እሱን ለልጆቹ ንገሪያቸው።